ሥዕል የሚወድ ተማሪ ምን ያያል? ምንስ ይከብደዋል?

በየትኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሥል ተማሪ አይታጣም። የሒሳብ መምህሩ ይቈጣዋል፤ የባዮሎጂ መምህሩ ደግሞ የልብን ቅርጽ በሰፊ ወረቀት ላይ ሥሎ እንዲያመጣ ያዘዋል። የወላጆች ቀን ሲቃረብ የመድረኩን ጽሑፍ የሚጽፈው እሱ ነው። የክበባቱ መፈክር፣ የቤተ መጻሕፍቱ «ጸጥታ ይከበር»፣ የመጸዳጃ ቤቱ «የወንዶች» «የሴቶች» ሳይቀር ከእጁ የወጣ ነው። እንዲህ ዓመት ሙሉ ሲያገለግለን ከርሞ «ለመሆኑ አንተ የምትወደው ሥዕል የትኛው ነው? ስለ ምንስ ወደድኸው?» ብሎ የሚጠይቀው መምህር ማግኘቱ ግን ያጠራጥራል።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ጥያቄ ዋጋ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ጥያቄው ለጨዋታ የሚቀርብ ይመስላል። ነገር ግን ተማሪው አድጎ ሥነ ጥበብን በትምህርትነት በያዘ ጊዜ፣ የሚወዳቸው ሥዕሎች ከመምህራኑ ባልተናነሰ ያስተምሩታል። የተማሪነት ኑሮ ጫና ሲበረታበት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጠቀው እነዚህን ሥዕሎች ረጋ ብሎ የሚያይበትን ጊዜ ነው። ይህ ሲሆን የሚያስተውለው ሰው የለም፤ ብዙ ጊዜ ተማሪው ራሱም አያስተውለውም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዓይን ሲማር

በአገራችን የሥዕል ትምህርት ከማየት መጀመሩ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሙያውን ሲወርሱ የኖሩት ከመምህራቸው ሥር ተቀምጠው፣ ቀለም እየበጠበጡ፣ የቀደመውን ሥዕል ደግመው ደጋግመው እያዩና እየገለበጡ ነው። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው እየታየ እንዲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ እንዲሣሉ የሚያደርገው የታወቀ ልማድ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ትቶልናል። የእሱን አሣሣል የተከተሉ ሌሎች የዘመኑ ሥዕሎች መገኘታቸውም ሥራውን እያዩ የተማሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ያመለክታል።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም (1932–2012) እንዲሁ ናቸው። በ1947 ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ኋላ ግን ዝንባሌያቸው ስለ በረታ ለንደን ውስጥ በሴንትራል የኪነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቻቸውን ለሕዝብ ካሳዩ በኋላ እንደ ገና ወደ አውሮፓ ሄደው ሁለት ዓመት ያህል ቈዩ። ምን ሲያደርጉ? ሲያዩ። በባለ ቀለም መስታወት የሚሠራውን ጥበብ እያጠኑ፣ በዚያውም በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን ሥዕል ያለባቸውን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ይመረምሩ ነበር። ትምህርቱን የጨረሰ፣ ሥራውን በአደባባይ ያሳየ ሠዓሊ እንደ ጀማሪ ደቀ መዝሙር ከብራና ፊት መቀመጡን ልብ ልንለው ይገባል። የራሳችንን ብራና ለማየት ቫቲካን ድረስ መሄድ ማስፈለጉን ግን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

የአንዲት ተማሪ ሦስት ሥራዎች

በክረምት እየመጣች የተቋማችንን የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል የምታግዝ አንዲት የሦስተኛ ዓመት የሥነ ጥበብ ተማሪ አለች። ጥያቄውን አቀረብሁላት። ጥቂት አሰበችና ሦስት ሥራዎችን ጠራች።

የመጀመሪያው በጐንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ነው። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች፣ ከመቶ በላይ ሆነው፣ በረድፍ በረድፍ ቍልቍል ያያሉ። እንግዳ ሰው ገብቶ ቀና ሲል አንድ ፊት መቶ ጊዜ የተደገመ ይመስለዋል። እሷ ግን በልጅነቷ ከአያቷ ጋር ሄዳ፣ አያቷ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አንጋጣ ስትጠብቅ ፊቶቹ አንድ አለመሆናቸውን ደረሰችበት። የአንዱ ቅንድብ ከፍ ይላል፤ የሌላው ዓይን ወደ ጎን ያዘነብላል፤ አንዱ ሊናገር የፈለገ ይመስላል። «መድገምና አንድ ዓይነት ማድረግ የተለያዩ መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው» አለችኝ። በትምህርት ቤቷ የአንድን ሰው ፊት ሃያ ጊዜ እንድትሥል ስትታዘዝ ጓደኞቿ ሲሰለቹ እሷ ያልሰለቻት ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው አፈወርቅ ተክሌ ከላይ ከተጠቀሰው ጥናታቸው በኋላ፣ ከ1958 እስከ 1961 ባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባ ለሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለ ቀለም መስታወት ነው። ሦስቱ መስኮቶች በአንድነት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ፤ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ የዘመኑን ትግልና የመጪውን ጊዜ ተስፋ ያሳያሉ። አዳራሹ ታድሶ በ2024 እንደ ገና ተከፍቷል። ተማሪዋን የማረካት ታሪኩ ብቻ አይደለም። በግድግዳ ወይም በሸራ ላይ ያለ ሥዕል ብርሃን ከፊት ለፊት ወድቆበት ወደ ዓይናችን ሲመለስ ይታያል። የመስታወት ሥዕል ግን ብርሃኑ ከኋላው ገብቶ በውስጡ ሲያልፍ ነው የሚታየው። በመሆኑም ፀሐይዋ ስትዞር፣ ደመናም ሲመጣና ሲሄድ ቀለሙ ይለዋወጣል፤ የጧቱ ቀይ የቀትሩን ቀይ አይመስልም። የፊዚክስ መምህራን ስለ ብርሃን ነጸብራቅና መተላለፍ በምታስተምሩበት ሳምንት ይህን ምሳሌ ብትጠቅሱት ለሥዕልም ለፊዚክስም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ከአገር ውጭ ነው። ጀርመናዊቷ ኬቴ ኮልቪትስ (1867–1945) በ1903 የሠራችው «የሞተ ልጅ የያዘች ሴት» የተባለው የመዳብ ላይ ፍቅፋቅ ኅትመት ነው። እናቲቱ ራቁቷን፣ እግሯን አጣምራ ተቀምጣ ልጇን በደረቷ እቅፍ አድርጋ፣ ፊቷን በአንገቱ ሥር ቀብራለች። ኮልቪትስ ይህን ስትሠራ የሰባት ዓመት ልጇን ጴጥሮስን ታቅፋ በመስታወት ፊት ተቀምጣ ራሷን ነበር የሣለችው። ያው ልጅ በ1914 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በወጣትነቱ ሞተ። ተማሪዋ ይህን የኋላ ታሪክ ያወቀችው ሥዕሉን ከወደደች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። መጀመሪያ የያዛት የእናቲቱ ጕልበት ነው፤ እንደ ዐለት የከበደ ጕልበት።

እንግዲህ አንድ መምህር እነዚህን ሦስት ሥራዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ምን ያያል? አንዱ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ አንዱ መስኮት፣ አንዱ በወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ነው፤ ዘመናቸው አይገናኝም። ግን ሦስቱም የመስመር ሥራዎች ናቸው። የመላእክቱ ፊት በጥቁር መስመር የተከበበ ነው። የመስታወቱ ቍራጮች የተያያዙት በእርሳስ ዘንግ ሲሆን፣ ዘንጉ ከርቀት ሲታይ ጥቁር መስመር ይሆናል። የኮልቪትስ ሥራም በመርፌ የተጫረ መስመር አለበት። ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቈየች። እስከዚያ ቀን ድረስ መምህራኗ «ቀለም ላይ ደካማ ነሽ» እያሏት የዘይት ቅብን አጥብቃ ስትታገል ነበር። ከዚያ በኋላ በኅትመት ክፍል ተጨማሪ ሰዓት መውሰድ ጀምራለች። ለቀለም ድካሟ መድኃኒት አገኘች ማለቴ አይደለም፤ ቀለም ዛሬም ያስቸግራታል። ነገር ግን ጥንካሬዋ የት እንዳለ ሥዕሎቹ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

በመጽሐፍና በስልክ ስለሚታይ ሥዕል

አብዛኛው ተማሪያችን የሚወደውን ሥዕል በአካል አላየውም። ጐንደርን ያላየ የጅማ ልጅ፣ አዲስ አበባን ያላየ የጐዴ ልጅ ሥዕልን የሚያውቀው በመማሪያ መጽሐፍ፣ በቀን መቍጠሪያ ወይም በስልክ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሆኖም መምህሩ ምን እንደሚጎድል ሊነግረው ይገባል። የመጀመሪያው መጠን ነው። የሊዮናርዶ «ሞና ሊዛ» ቁመቷ 77 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ 53 ብቻ ነው። ፒካሶ በ1937 የሣለው «ጌርኒካ» ግን ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ወደ ስምንት ሜትር ይጠጋል። በስልክ ላይ ሁለቱም የመዳፍ ያህል ናቸው። በክፍላችሁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሁለቱን ልክ በጠመኔ አስምሩና አሳዩአቸው። ለሁለተኛው ሰሌዳው አይበቃም፤ ግድግዳውን መጨመር ግድ ይሆናል። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ የሚያሰሙትን ድምፅ ማንም መምህር አይረሳውም።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ኅትመትም ስልክም ቀለምን እንደ ወደደ ይለውጣል። በጥቁርና ነጭ የተሠራ ኅትመት ግን በመጽሐፍ ቢታይም የሚያጣው ያነሰ ነው። ተማሪዋ ኮልቪትስን ከመጽሐፍ ብቻ አይታ እንዲህ ልትወዳት የቻለችው አንድም ለዚህ ይመስለኛል። ቤተ መጻሕፍቱ ደካማ ለሆነ ትምህርት ቤት ከባለ ቀለም ሥዕሎች ይልቅ በእንጨትና በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥራዎችን ማሰባሰብ የሚሻለውም ስለዚህ ነው።

ሌሊቱ

ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውጭ ላለ ሰው የሥዕል ተማሪ የሚጨነቅበት ነገር አይታየውም። «አንተማ ምን አለብህ፤ ሥዕል አይደል የምትሥለው!» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

የታሪክ ተማሪ ለፈተና አንድ ሌሊት አምሽቶ ቢያጠና ምናልባት ይቀናው ይሆናል። የዘይት ቀለም ግን ልመናም ችኰላም አይሰማም። የዘይት ቀለም ማለት የቀለም ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ ነው፤ ያው ወጥ ቤት የምናውቀው ተልባ። ውሃው ተንኖ እንደሚደርቀው እንደ ውሃ ቀለም አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል እንጂ። ሥሥ ቅብ ቀናት፣ ወፍራም ቅብ ሳምንታት ይፈልጋል። ከሥር ያለው ሳይደርቅ ቢደርቡበት ይጨቀያል፤ ዘይት የበዛበትን ከሥር፣ ዘይት ያነሰበትን ከላይ ቢያደርጉት ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ተማሪው ሰኞ የሚያስረክበውን ሥራ እሑድ ማታ ቢጀምረው የፈለገውን ያህል ቢተጋ አይሆንለትም። ሦስት የተለያዩ መምህራን ሦስት ሥራ በአንድ ሳምንት ሲያዙ ምን እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም።

ማታ መሥራቱም ራሱን የቻለ ችግር አለው። ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ አምፖል ሥር ሰማያዊ ቀለም ይደበዝዛል፤ ቢጫውና ነጩ ለመለየት ያስቸግራሉ። ተማሪው ሰማያዊው ያነሰ እየመሰለው ይጨምርበታል። ጧት በመስኮት ብርሃን ሲያየው ሥዕሉ በሙሉ በርዶ ይገኛል። መምህሩ «ቀለም አታውቅም» ይለዋል፤ ልጁም ያምናል። ያጠፋው ግን አምፖሉ ነው።

ከዚያ ወጪ አለ። በቱቦ የሚሸጠው የዘይት ቀለም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው የተማሪን አቅም ይፈትናል። ሸራ ሲጠፋ ተማሪዎች አቡጀዲድ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረው፣ ኮላና ነጭ ቀለም ቀብተው ይሥሉበታል። ይህ ዘዴ መልካም ነው፤ ብዙ ጥሩ ሥራም ወጥቶበታል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ቀለም የሚቈጥብ ተማሪ መሳሳትን ይፈራል። መሳሳትን የፈራ ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ይሥላል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የሂስ ቀን ነው። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ተሰብስቦ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ በድብቅ አይመለስም። ሥራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መምህራንና ጓደኞች በተሰበሰቡበት ስለ ሥራው ይነገራል፤ ባለቤቱ ቆሞ ይሰማል። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ሠዓሊ ሥራውን ከሰው ፊት ማውጣት መልመድ አለበት። ሆኖም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ «ሥዕልህ ደካማ ነው» ሲባል የሚሰማው «አንተ ደካማ ነህ» ነው፤ ይህን ለመለየት ዓመታት ይፈጃል።

ከሠልጣኞቻችን አንዱ አንድ ዓመት ተኩል ሥነ ጥበብ ተምሮ ያቋረጠ ወጣት ነው። ስለ ምን እንደ ተወው ስጠይቀው የገንዘብ ነገር ያነሣል ብዬ ነበር። እሱ ግን «መጨረሻ ላይ ጥሩ ሥዕል ማየት ያስጠላኝ ጀመር» አለኝ። «ጥሩ ነገር ሳይ ‹ይህ በስንት ቀን ተሠራ? እኔ መቼ እዚህ እደርሳለሁ?› ብቻ ነበር የማስበው። አላይም ነበር፤ እመዘን ነበር።» በመጨረሻው መንፈቅ ያልታዘዘውን አንድም ሥዕል ሄዶ አላየም። አሁን ጥሩ መምህር ሊሆን ነውና አላዝንለትም። ነገር ግን ከማቋረጡ በፊት ያጣውን ነገር ያወቀለት ሰው አልነበረም፤ የሚቀርበው ሰው አንድ ቀን «ና፣ ዝም ብለን እንይ» ብሎ ሙዚየም ቢወስደው ምን ይፈጠር እንደ ነበር ማን ያውቃል።

እንጀራ ይወጣዋል ወይ?

የቤተሰብ ጥያቄ ይህች ናት። በንቀት የምትነሣ አድርገን ባንወስዳት መልካም ነው፤ ልጁን ለማስተማር ጥሪቱን የሸጠ አባት የመጠየቅ መብት አለው። ከአፈወርቅ ታሪክ እንዳየነው መጀመሪያ ወደ ሌላ ትምህርት መመራት ለትልልቆቹም ያልቀረ ነው። ሐረር የተወለዱት ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታም (1932–1981) በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመሩት የእርሻ ትምህርት ነበር። አባታቸው የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ስለ ነበሩ ሥዕልን ያዩት ከቤታቸው ነው። እርሻውን ትተው ከ1957 እስከ 1961 ጀርመን አገር ኮሎኝ ተማሩ። ተመልሰውም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ይህ ትምህርት ቤት የቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ምሩቅ በሆኑት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950ዎቹ መጨረሻ የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል።

ገብረ ክርስቶስ ይዘውት የመጡት ረቂቅ አሣሣል ግን በብዙዎች ዘንድ ባዕድ ተደርጎ ተነቅፏል። ለተማሪ ይህ ሌላው ጫና ነው፤ አንተ የወደድኸውን አገርህ ካልወደደውስ? ለዚህ ከጎረቤታችን ከሱዳን የኢብራሂም ኤል ሳላሂ ታሪክ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። በ1930 ኦምዱርማን ተወለዱ፤ አባታቸው የቁርአን ትምህርት ቤት ነበራቸውና የዐረብኛ ቁም ጽሕፈትን የለመዱት በዚያ ነው። ከ1954 እስከ 1957 ለንደን በስሌድ ተማሩ። ካርቱም ተመልሰው በአንድ ትልቅ ሆቴል የሥዕል ትርዒት ሲከፍቱ ሕዝቡ ሥራውን ችላ አለው። እሳቸው ግን ሥዕልን አልተዉም። በአገሪቱ እየተዘዋወሩ ሰዎች በቤታቸው ግድግዳ፣ በምንጣፋቸውና በዕቃቸው ላይ ምን እንደሚያዩና ምን እንደሚወዱ መመልከት ያዙ። ቀስ በቀስም የልጅነታቸውን ፊደል በሥዕላቸው ጥግ ማስገባት ጀመሩ፤ ፊደሉ እየሰፋ ሄዶ ራሱ ሥዕል ሆነ።

የእኛው እስክንድር ቦጎሲያንም (1937–2003) ለንደንና ፓሪስ ሳሉ የፓውል ክሌን እና የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምን ሥራዎች አይተዋል። ሥዕሎቻቸው ግን ለሕሙማን በብራና ከሚጻፈው ክታብና ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጋር የሚዛመዱ ናቸው። በ1966 ተመልሰው ለጥቂት ዓመታት ሲያስተምሩ ብዙ ወጣት ሠዓልያን ከእሳቸው ተምረዋል።

እዚህ ላይ የመገልበጥ ነገር ይነሣል። በዩጋንዳ በማኬሬሬ ከ1937 ጀምሮ ሥዕል ያስተማሩት ማርጋሬት ትሮዌል ተማሪዎቻቸው የአውሮፓን ሥዕል እንዲገለብጡ አይፈልጉም ነበር፤ ታሪክ ይተርኩላቸውና በሐሳባቸው ያዩትን እንዲሥሉ ያደርጉ ነበር። ከዚያው የወጡት ኤሊሞ ንጃው ናይሮቢ ውስጥ በ1965 በተከፈተው የፓ ያ ፓ ማእከል መገልበጥን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የእኛ ሠዓልያን ግን ለዘመናት ሲማሩ የኖሩት በመገልበጥ ነው። ማን ልክ ነው? እንደኔ እንደኔ ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። ለማየት መገልበጥ አለ፤ ለመሸጥ መገልበጥ አለ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን አንድ ፊት በእርሳስ የሚገለብጥ ተማሪ ቅንድቡ የት ላይ እንደሚጎብጥ ለማወቅ ይገደዳል። ያንኑ ፊት ለቱሪስት ሃምሳ ጊዜ የሚደግም ልጅ ግን ከአሥረኛው በኋላ ማየቱን ያቆማል። የሚያሳዝነው፣ ወጪውን ለመሸፈን ብዙ ተማሪ የሚገባበት ሥራ ይኸው መሆኑ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

የሥዕል ክፍለ ጊዜ ባለበት ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜው ለሒሳብ ማካካሻ አይዋል። ይህን ከጻፍሁ በኋላ የሒሳብ መምህራን ጓደኞቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። ክፍለ ጊዜው በሌለበት ደግሞ አንድ ሥዕል በመምህራን ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ለሁለት ሳምንት ሰቅሎ መተው ይቻላል፤ ሥሩ ስሙ፣ ሠዓሊው፣ ዓመቱና ትክክለኛ መጠኑ ይጻፍ፤ ማብራሪያ አይጨመርበት። ሥዕል የሚወደው ልጅ ቆሞ ሲያይ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ጥያቄውን ጠይቁት። መጀመሪያ «ያምራል» ይላችኋል። «ምኑ?» በሉት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቁት ነው እውነተኛው መልስ የሚመጣው።

የክፍል ሥዕላዊ መግለጫዎችን ማሠራቱም ይቅር አልልም፤ እኛም ያለ እነሱ አንሆንም። ብቻ የፈተና ሰሞን አይሁን፤ ሲሠራም ስሙን በጥግ እንዲጽፍ ይፈቀድለት። ፍሬ ጽዮን የጻፈውን መብት ለአሥረኛ ክፍል ልጅ የምንከለክልበት ምክንያት የለም።

ወላጅ ሲመጣ ደግሞ ያለውን እንዳለ መንገር ይሻላል። ሥዕል ብቻ ሸጦ የሚኖር ሠዓሊ ጥቂት ነው። ነገር ግን የሥነ ጥበብ ምሩቅ መጽሐፍ በሥዕል ያዘጋጃል፣ በማተሚያ ቤትና በማስታወቂያ ድርጅት ይሠራል፣ ለፊልምና ለቲያትር መድረክ ያሰናዳል፣ በሙዚየም ይቀጠራል፣ ያስተምራል። አባትየው ይህን ሰምቶ እንኳ ባይስማማ፣ ልጁ ቢያንስ የሌላ ትምህርቱን ውጤት እንዲጠብቅ ምከሩት። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለሠዓሊም አይቀርም።

ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈልግ ተማሪ ፊት ለፊቱ የተቀመጠን ነገር እያየ መሣልን መለማመድ አለበት። ከስልክ ገልብጦ ብቻ ያደገ ልጅ የሚደናቀፈው እዚህ ነው፤ ስልኩ ክብ የሆነውን ነገር አስቀድሞ ጠፍጣፋ አድርጎ ይሰጠዋልና። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጀበና ይቀመጥለት። ተራው የጽሕፈት እርሳስ ጥቁሩን ጥላ ስለማያወጣለት ለስላሳ እርሳስ ይፈለግለት። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት አይሣል፤ ይመልከት። ከዚያ ይጀምር። ጀበናዋን ከመምህራን ክበብ መዋስ ይቻላል፤ ከአሥር ሰዓቱ ቡና በፊት መመለሷን ግን አደራ።